የመጨረሻዪቱ ትኋን

ግሪኮችና ሮማውያን በ787 ዓ.ም. በኒቅያ ባደረጉት ጉባኤ አውግዘው ከለዩአቸው መጻሕፍት አንዱ፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ የሚገመተው ግብረ ዮሐንስ፣ ሐዋርያው ከሎዶቅያ ወደ ኤፌሶን ሲጓዝ ባንድ ሌሊት የደረሰበትን ነገር ይተርካል። መንገደኞቹ መሽቶባቸው ሰው ከማይኖርበት የእንግዳ ማረፊያ በገቡ ጊዜ፣ በቤቱ ውስጥ የነበረው አልጋ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ለሽማግሌው ለቀቁለትና እነርሱ ከመሬት ተኙ፤ እርሱ ግን ጋደም ካለበት ጊዜ ጀምሮ ትኋን እየነከሰ እንቅልፍ ቢነሳው፣ ትኋኖቹ ለዚያች ሌሊት ማደሪያቸውን ለቀው፣ ከእግዚአብሔር አገልጋዮች ርቀው፣ ባንድ ስፍራ ጸጥ ብለው እንዲያድሩ አዘዛቸው። ደቀ መዛሙርቱ ይህን ሰምተው ሳቁ፤ ሲነጋ ግን ትኋኖቹ ከደጃፉ አጠገብ ተሰብስበው ቆመው አገኟቸው። ሐዋርያውም ከእንቅልፉ ነቅቶ ስለ ታዛዥነታቸው ወደ ስፍራቸው ይመለሱ ዘንድ ቢፈቅድላቸው፣ ተሯሩጠው በአልጋው እግሮች ላይ ወጡና በእንጨቱ ማጋጠሚያ ውስጥ ገቡ።

ታሪኩ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለመምህራኑ እተወዋለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ የተረቱ ፍጻሜ ነው፤ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን፣ የትኋን ማኅደር ሰው እንደሚመስለው በልብሱና በጨርቁ ውስጥ ሳይሆን በእንጨቱ ማጋጠሚያ ውስጥ መሆኑን አጥርቶ ያውቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ በተነሡት ዘመናት ሁሉ ስለ ትኋን ብዙ መድኃኒት ተቀምሟል፣ ብዙ ምስጢር በገንዘብ ተሸጧል፣ አንዳንዱም ከትኋኗ ይልቅ ሰውን ገድሏል፤ ይሁን እንጂ ለዘለቄታው ውጤት ያገኙት ጥቂቶች፣ ከመርዛቸው ብርታት ይልቅ ማጋጠሚያውን በማወቃቸውና በመታገሣቸው ያገኙት መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ትኋን ከሰው ጋር የተጎዳኘችው ሰው ገና በዋሻ ሲኖር፣ ከሌሊት ወፍ ተላልፋ እንደ ሆነ የተፈጥሮ ሊቃውንት ይናገራሉ። ፈርዖን አክናተን በቈረቈረው ከተማ፣ በቴል ኤል አማርና፣ ሠራተኞቹ ይኖሩበት በነበረው ሠፈር ቁፋሮ ሲደረግ፣ ከ3,300 ዓመት በላይ የሆነው የትኋን ቅሪት ተገኝቷል፤ ስለዚህ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ፈርሶ፣ ስሙ ከሐውልቶቹ ላይ ተፍቆ ሲጠፋ፣ የድኻ ሠራተኛውን ደም የመጠጠችው ፍጥረት ግን ምስክርነቷን ጠብቃ ቆይታለች ማለት ነው። የግሪክና የሮማ ጸሐፊዎችም በሚገባ ያውቋታል። አሪስቶፋኒስ በተውኔቱ ቀልዶባታል፤ ፕሊኒዮስ ደግሞ ለእባብ መርዝ መድኃኒት ትሆናለች ብሎ ጽፏል፤ ለዲሞክሪጦስ በተሰጠው አንድ ምክር የጥንቸል ወይም የዋላ እግር በአልጋው እግር ላይ ቢንጠለጠል ትኋን አትቀርብም ይባላል። የጥንቸል እግር ምን ያህል እንደ ጠቀመ መገመት አያዳግትም።

ስለ ጠባይዋ ጥቂት ካልተነገረ የሰው ልጅ ድካም ለምን ከንቱ እንደ ቀረ አይገባምና ይህን ልግለጽ። ትኋን ሙሉ ዕድሜዋ ላይ ስትደርስ ርዝመቷ ከ5 ሚሊሜትር ብዙ አያልፍም፤ ካልጠገበች አካልዋ ከላይ ወደ ታች የተጨፈለቀ ስለ ሆነ፣ ስስ ነገር በሚገባበት ስንጥቅ ሁሉ ገብታ ትቀመጣለች። በሌሊት የተኛውን ሰው ትንፋሽና ሙቀት ተከትላ ትወጣና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጠጥታ ጠግባ ወደ ስንጥቋ ትመለሳለች። እንቁላሏ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከእንጨቱ ጋር አጣብቃ ትተወዋለችና በመጥረጊያ አይረግፍም፤ አንዲት እንስት በዘመኗ 200ና ከዚያ በላይ ትጥላለች። የተፈለፈለው ግልገል ጎልማሳ እስኪሆን አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፣ በየጊዜውም ደም ማግኘት አለበት፤ ነገር ግን ደም ቢያጣ ለብዙ ወራት በጾም ይታገሣል። ቤቱን ዘግቶ መሄድ የማይረዳው ስለዚህ ነው። ደግነቱ፣ ደም ከሰው ወደ ሰው እየመጠጠች የምትኖር ስትሆን በሽታን እንደምታስተላልፍ እስካሁን አልተረጋገጠባትም፤ የምትወስደው እንቅልፍንና፣ ቤቱ ንጹሕ ለሆነ ሰው ከእንቅልፍም የሚበልጠውን ክብርን ነው።

በእኛ አገር የትኋን ታሪክ የተጻፈው በብራና ሳይሆን በጠፍር አልጋ ላይ ነው። ጠፍር አልጋ አራት እግሮቹ ተበስተው አግዳሚዎቹ በቀዳዳው ውስጥ የሚሰኩበት፣ በላዩም ያልለፋ ቆዳ በቀጭን እየተተለተለ ተጠላልፎ የሚጠፈርበት ስለ ሆነ፣ ለትኋን ሁለት ዓይነት መሸሸጊያ አዘጋጅቶላታል፤ አንዱ እግርና አግዳሚ የሚገናኙበት ቀዳዳ፣ ሁለተኛው ጠፍሩ በአግዳሚው ላይ የሚጠመጠምበት ስፍራ ነው። የመጀመሪያውን እመቤቲቱ በፈላ ውሃ ትበቀለዋለች፤ ሁለተኛው ግን የሚያስቸግር ነው፤ ምክንያቱም ፈላ ውሃ የነካው ጠፍር ተኰማትሮ ይደርቅና ይበጠሳል፣ ጠፍሩን ሳይፈቱ ከሥሩ ያለውን ማግኘት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ አልጋው ጠንከር ባለ ፀሐይ ቀን ወደ ግቢ ይወጣና ይገለበጣል፤ በዱላ አግዳሚው አግዳሚው ሲመታ ትኋኑ ከጠፍሩ እየረገፈ በጋለው መሬት ላይ ሲሯሯጥ ዶሮዎቹ እየተሻሙ ይለቅሙታል፤ ቁርበቱ፣ ሰሌኑና ጋቢው ባጥር ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ላምባ የሚባለው ነጭ ጋዝ በየገበያው መገኘት ከጀመረ ወዲህ፣ የዶሮ ላባ በላምባ እየነከሩ በየቀዳዳው ማስገባት፣ የአልጋውንም አራት እግሮች ላምባ ወይም ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ልማድ ሆነ። ጣሳው ከወለል የሚወጣውን ይከለክላል፤ አስቀድሞ በአልጋው ውስጥ የተቀመጠውን ግን አይነካውም፣ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ለቆመ አልጋም ምንም አይረባ።

ግድግዳው ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። የጭቃ ቤት ሲደርቅ ይሰነጠቃልና፣ ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ቤቱን በእበትና በጭቃ ወይም በአመድ እንደገና መለሰን ለዓውደ ዓመቱ ክብር ሲባል ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ስንጥቁ በውስጡ ካለው ፍጥረት ጋር አብሮ እንደሚደፈን ያስተውል። እኔ በበኩሌ ይህ ልስን ከማንኛውም የዱቄት መርዝ የበለጠ ሥራ ሠርቷል ባይ ነኝ። ይህን የሚያፈርሰው ከተሜነት ያመጣው ሌላ ልማድ ነው፤ በአዲስ አበባና በየአውራጃው ከተማ ጠባብ ቤት የሚከራዩ ሰዎች ግድግዳውን ለማሳመር አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፉ፣ አንዱ ሲቈሽሽ ሌላውን በላዩ እየደረቡ ሲኖሩ፣ ጭቃው በስተኋላ ተሰንጥቆ ወረቀቱ ከፊት ስለሚሸፍነው፣ ትኋን የሚያስፈልጋት መጋረጃ በገዛ እጃቸው ተዘጋጀላት። የወይራና የሌላውም እንጨት ጢስ ቤቱን ቢያውድም ከጋዜጣው በስተጀርባ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ትኋን ማጥፋት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፣ ባለሙያውም በአደባባይ ስሙን ጽፎ የኖረባትን ከተማ ለማየት ግን ወደ ሎንዶን መሻገር አለብን። በእንግሊዝ አገር ትኋን በቀድሞው ዘመን ብዙ የታወቀች አልነበረችም። በ1583፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለችው በሞርትሌክ መንደር፣ ሁለት ወይዛዝርት ባንድ ማለዳ ገላቸው ተነካክሶ ቢያዩ ወረርሽኝ የያዛቸው መስሏቸው በድንጋጤ ሐኪሙን ቶማስ ፔኒን አስጠሩት፤ እርሱም መጥቶ ከአልጋው ውስጥ ጥፋተኞቹን እየያዘ ሲያሳያቸው ፍርሃቱ ወደ ሣቅ ተለወጠ። ይህን ነገር በ1634 የታተመው የቶማስ ሙፌት የነፍሳት መጽሐፍ መዝግቦታል። ከታላቁ የ1666 ቃጠሎ በኋላ ከተማይቱ እንደገና ስትሠራ፣ ከባሕር ማዶ በመጣው እንጨት ትኋን አብራ ገብታ በዛች ብሎ የጻፈው ደግሞ ጆን ሳውዞል ነው።

ይህ ሳውዞል በ1726 በጉዳዩ ወደ ጃማይካ በሄደ ጊዜ፣ ትኋን ፊቱን ነካክሶት አብጦ ሳለ፣ ከባርነት ነፃ የወጣ አንድ ጥቁር ሽማግሌ አገኘው። ሽማግሌው ነጮች በዚህ ተባይ ሲሠቃዩ መድኃኒት አለመፈለጋቸው ገርሞት፣ እርሱ ራሱ የሚቀምመውን ውሃ ሰጠው፤ ሳውዞልም ወደ ማደሪያው ተመልሶ በአልጋው ላይ ቢያደርገው ትኋኖቹ ከየስንጥቁ እየወጡ ሲሞቱ አየ። ወዲያው ወደ ሽማግሌው ተመልሶ በጥቂት ገንዘብና በስንቅ የቅመማውን ምስጢር ከእርሱ ገዛና፣ ወደ ሎንዶን ሲመለስ አቻ የሌለው መድኃኒት የሚል ስም ሰጥቶ በጠርሙስ ይሸጠው ጀመር። በ1730 ስለ ትኋን የሚናገር መጽሐፍ አሳትሞ፣ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚደንት ለነበረው ለሰር ሐንስ ስሎን መታሰቢያ አደረገው፤ የመድኃኒቱን ቅመም ግን በመጽሐፉ ውስጥ አልገለጸም። የሽማግሌውም ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሳውዞል የነገደበት ዕውቀት ባለቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ስሙ እንዲነሣ እንኳ አለመደረጉ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ያለ ትዝብት ላልፈው አልወድም።

በሳውዞል ላይ ፍርድ ስንሰጥ ደግሞ ጥሩውን መደበቅ አይገባም። ትኋኖችን በብርጭቆ ውስጥ አኑሮ አበላላቸውንና አወላለዳቸውን የተከታተለ ሰው ነበር፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ የጠቀመው ምክሩም ከዚህ ምርመራ የወጣ ነው፤ አልጋ ሲሠራ ቅርጽና ጌጥ እንዳይበዛበት፣ በቀላሉ ተፈትቶ እንዲገጣጠም፣ አሮጌ ዕቃ ሲገዛና አዲስ አገልጋይ ሣጥን ይዞ ሲገባ እንዲመረመር ይመክር ነበር። መድኃኒቱ ውሎ አድሮ ጠፋ፤ ምክሩ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የሎንዶን ድኾችንና ሠራተኞችን ኑሮ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እየዞረ የጻፈው ሄንሪ ሜይሂው፣ ካነጋገራቸው ሰዎች አንዱ የንግሥት ቪክቶሪያ ትኋን አጥፊ የሆነው ቲፈን ነበር። የቤቱ ሥራ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ሲሆን፣ አባት ለልጅ እያስተላለፈ ለብዙ ትውልድ ቆይቷል፤ ጀማሪው ቅድመ አያት የሴቶች ልብስ ሰፊ ሆኖ፣ መኖሪያ ቤቱ በትኋን ቢመረርበት ራሱ መላ ፈልጎ ካጠፋ በኋላ ደንበኞቹ የሆኑት ወይዛዝርት ሰምተው ለየቤታቸው ስለ ጠሩት ከመርፌው ይልቅ ይህ እንጀራ ሆነለት ይባላል። ቲፈን በየዓመቱ ውል እየያዘ የመኳንንቱን አልጋ በየጊዜው የሚመረምር፣ ደንበኞቹም ባለሠረገላዎች ብቻ መሆናቸውን በኵራት የሚናገር ሰው ነው። አንድ ጊዜ የልዕልት ሻርሎትን አልጋ ሲመረምር፣ ልዕልቲቱ ከክፍሉ ውስጥ ሆና ያገኘው ነገር እንዳለ ጠየቀችው፤ ምንም የለም ብሎ ከመመለሱ አንዲቱን ቢይዝ፣ ልዕልቲቱ በአልጋው ላይ ዘልላ ወጥታ፣ እጅዋን በትከሻው ላይ ጥላ፣ ሌሊቱን ያሠቃየቻትን ፍጥረት ተመለከተች፤ እንዳያመልጠውም አደራ አለችው። ቲፈን ይህን ሲተርክ ትኋኗ የንጉሣዊ ደም በመቅመሷ መልኳ ያማረ መሰለኝ ብሎ ማከሉን ሜይሂው አልዘለለውም።

ይህ ሰው ስለ ሙያው ከተናገረው ሁሉ ግን አንዱ ከሌላው ይበልጣል። እርሱ እንዳለው፣ አናጢውና አልጋ አልባሹ በሺህ የሚቈጠሩትን ገድለው ምናልባት ያንኑ ያህል ትተው ይሄዳሉ፤ የእርሱ ቤት ግን በሺሆቹ ሳይሆን በመጨረሻዪቱ ትኋን ነው የሚጨነቀው። ስለ ትኋን ከተነገረው ሁሉ የተሻለ ቃል ይህ ይመስለኛል። ተባዕትና እንስት በአንድ ስንጥቅ ቢተርፉ፣ ወይም አስቀድማ ከተባዕት የተገናኘች አንዲት እንስት እንኳ ብትቀር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የተከፈለው ገንዘብና የፈሰሰው ላብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በመኳንንቱ ዘንድ እንደ ቲፈን ያለ ሰው ሲመላለስ፣ መካከለኛው ቤተ ሰብ ራሱን በራሱ ይረዳ ነበር። በ1829 በቦስተን የታተመው የሊዲያ ማሪያ ቻይልድ የባልትና መጽሐፍ፣ ባዜቃ በእንቁላል ነጭ ተመትቶ በላባ ቢቀባ ከሁሉ የተረጋገጠ የትኋን መርዝ ነው ይላል። የእኛ እናቶች ላባቸውን በላምባ ሲነክሩ፣ የአሜሪካኖቹ በባዜቃ ይነክሩት ነበር፤ ላባው አንድ፣ ቀዳዳውም አንድ ነው፤ ባዜቃው ግን በውስጡ የሚተኛውን ሰው ቀስ በቀስ የሚጎዳ ስለ ሆነ ላምባው ይሻላል። ዲን ማጤስም በየአገሩ ነበረ፤ ጢሱ ብረትን ያዝጋል፣ ቀለምን ያነጣል፣ በስንጥቁ ጥልቅ ውስጥ ያለችውን ግን ብዙ ጊዜ አይደርስባትም። ከዚህ ሁሉ መድኃኒት ይልቅ ብዙ ያገለገለው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የእንጨቱን አልጋ እየተካ የመጣው የብረት አልጋ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ፤ ማጋጠሚያው ጥቂት፣ እንጨቱም የለ፣ ለማጽዳትም ቀላል ነውና። በአገራችንም የሽቦ አልጋ በገባበት ቤት ሁሉ የጠፍሩ አልጋ ጣጣ ግማሹ ቀርቷል፤ ግማሹ ወደ ፍራሹ ስፌት ተዛወረ እንጂ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሰው በትዕግሥት ከማሸነፍ ይልቅ በአንድ ምት ለማሸነፍ ተነሣ። የመጀመሪያው መሣሪያ የሲያናይድ ጋዝ ነበር። የእንግሊዝ ከተሞች በ1930ዎቹ የተጐሳቈሉ ሠፈሮችን እያፈረሱ ድኾችን ወደ አዲስ ቤት ሲያዛውሩ፣ ትኋንም በዕቃው ተሳፍራ አብራ እንዳትዛወር፣ የቤተ ሰቡ አልጋ፣ ወንበርና ሣጥን በዝግ መኪና ተጭኖ በዚህ ጋዝ ይታጠን ነበር። ጋዙ እንቁላሉን ሳይቀር ይገድላል፤ ነገር ግን በደንብ ሳይተነፍስ በቀረ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው እንደ ትኋኑ ይሞታል፤ ስለዚህ የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1937 በሲያናይድ ስለ ማጠን ልዩ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ።

ሁለተኛው መሣሪያ ዲዲቲ ነው። ቅመሙ በ1874 ተሠርቶ ሳለ፣ ነፍሳትን መግደሉን በ1939 ያወቀው በባዝል ከተማ የጋይጊ ኩባንያ ሊቅ የሆነው ፓውል ሙለር ነበር፤ ስለዚህም ግኝት በ1948 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዲዲቲ የተነፋበት ግድግዳ ለወራት ገዳይ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ የዛሬዪቱ ትኋን ብትሰወር ነገ ደም ፍለጋ ስትወጣ መርዙን ረግጣ ማለፍ አለባት፤ በቲፈን ዘመን በዓይንና በጣት የተፈለገችው የመጨረሻዪቱ ትኋን አሁን በገዛ እግሯ ወደ ሞት መጣች። በአሜሪካና በአውሮጳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትኋን ምን እንደምትመስል የማያውቅ ትውልድ ተነሣ። ይሁን እንጂ ሙለር ሽልማቱን ከመቀበሉ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1947፣ በሐዋይ ደሴቶች በፐርል ሐርበር የባሕር ኃይል ሠፈር ውስጥ ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ተገኝተው ነበር። ከሺሆቹ መካከል የተረፉት ጥቂቶች መርዙን የሚቋቋም ጠባይ የነበራቸው ናቸውና፣ ልጆቻቸውም ያንኑ ወረሱ።

ወደ አገራችን ዲዲቲ የገባው በትኋን ሳይሆን በወባ ምክንያት ነው። በ1959 የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ፣ የሚነፉት ሰዎች የብረት በርሜል በጀርባቸው አዝለው በየቆላው መንደር ሲዞሩ፣ ባለቤቲቱ ምጣዱን፣ እህሉንና ቁርበቱን አውጥታ በደጅ ትከምራለች፤ ግድግዳውና ጣራው ይነፋል፤ ነጩ ዱቄት ሲደርቅ ቤተ ሰቡ ይመለሳል። ቢንቢ ስትሞት ለዓይን አትታይም፤ ትኋን ስትረግፍ ግን ማንም ያያል፤ ስለዚህ ገበሬው የነፊውን መምጣት የሚወድበት ምክንያት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ምክንያት ጋር አንድ አልነበረም። ውሎ አድሮ ትኋን መሞቷን ስታቆም፣ በብዙ የወባ አገሮች እንደ ታየው፣ መርዙ እያቅበጠበጣት ከስንጥቋ ወጥታ ትንከራተት ጀመርና፣ ሰዉ ዱቄቱ ትኋን ያራባል ብሎ ያማ፣ በሩንም ይዘጋ ጀመር። ከዚህ በላይ የተናገርሁለት ልስንም በዚህ ስፍራ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ፤ ለዓውደ ዓመት በእበትና በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ የተነፋውን ዲዲቲ ከሥሩ ቀብሮ ያስቀረዋልና፣ የጤና ባለሙያዎች ሕዝቡን ከተነፋ በኋላ እንዳይለስን ሲለምኑ ኖረዋል። ሁለት ጥሩ ሥራዎች እንዲህ ሲጣሉ ማየት ያሳዝናል።

በከተማው ደግሞ ፍሊት በየሱቁ ይሸጥ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የማዕድን ዘይትና የፒሬትረም አበባ ድብልቅ የነበረው ይህ መድኃኒት፣ በእጅ በሚገፋ መንፊያ እየተነፋ ቤቱን በሽታው ይሞላው ነበር። ከፒሬትረም አበባ ተመስለው በኋላ በቤተ ሙከራ የተሠሩት መርዞች ዲዲቲን ሲተኩ ግን ያልተጠበቀ ነገር ደረሰ፤ እነዚህ አዳዲሶቹ የትኋኗን ሥርዓተ ነርቭ የሚያጠቁት ዲዲቲ ባጠቃበት በዚያው በር በኩል ስለ ሆነ፣ በሩን ለዲዲቲ የዘጋች ትኋን ለእነርሱም ዘግታ ቆየቻቸው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትኋን በኒው ዮርክ፣ በሎንዶን፣ በሲድኒ እንደገና ስትታይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ንክሻዋን ከሌላ ሕመም መለየት ተሳናቸው፤ ወደ ሞርትሌክ ለተጠራው ለፔኒ ይህ ሣቅን የሚጨምር በሆነ። ወደ አሜሪካ የሄዱት የእኛ ሰዎችም፣ አገር ቤት ትተናት መጣን ያሏትን ትኋን በባለ ብዙ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ጎረቤት ሲነፋ ወደ ሌላው እየሸሸች፣ ከመንገድ ዳር በተነሣ ሶፋ እየተሳፈረች አግኝተዋታል።

ዛሬ በእነዚያ ከተሞች የሚደረገው ነገር ወደ ቲፈን የተመለሰ ነው። ባለሙያው ባትሪና ስስ ካርድ ይዞ የአልጋውን ብሎን ይፈታል፣ የፍራሹን ስፌት ይገልጣል፣ የኤሌክትሪክ ክዳኑን ሳይቀር ከግድግዳው ያነሣል፤ ክፍሉም በትልልቅ ማሞቂያ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲግል ተደርጎ ለሰዓታት ይቆያል፤ ልብሱ በጋለ ማድረቂያ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ የተገለበጠው የጠፍር አልጋ ያደርግ የነበረውን ይህ በግድግዳ ውስጥ ያደርገዋል። በአልጋው እግር ሥር የሚቀመጥ የፕላስቲክ ሳህንም ይሸጣል፤ ከላምባው ጣሳ የሚለየው ለመግደል ሳይሆን ለመቍጠር በመሆኑ ነው፤ በሳህኑ ውስጥ ለሳምንታት ምንም ካልወደቀ፣ የመጨረሻዪቱ ሄዳለች ማለት ነው።

መርዙ ሲከዳቸው ሊቃውንቱ ከጥንቱ ልማድ ደግመው ያነሡት አንድ ነገር አለ። በቡልጋርያ፣ በሰርቢያና በአካባቢያቸው ባሉት የባልካን አገሮች፣ ትኋን የበዛበት ቤት ባለቤት ማታ ማታ የባቄላ ዘመድ የሆነውን የፎሶሊያ ትኩስ ቅጠል ቀጥፎ በአልጋው ዙሪያ በወለሉ ላይ ይጐዘጕዝ ነበር፤ ሌሊት ትኋኖቹ ወደ አልጋው ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ በቅጠሉ ላይ ተይዘው ያድራሉ፤ ሲነጋ ቅጠሉ ተሰብስቦ በእሳት ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ልማድ በ1927 አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ በ1943 ደግሞ አንድ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነገሩን በማጕያ መነጽር መርምሮ፣ ትኋኗን የሚይዛት ሙጫ ወይም መርዝ ሳይሆን በቅጠሉ ላይ የበቀለው ጥቃቅንና ቆልማማ ጠጕር መሆኑን አስረዳ። ይህ በታተመበት ዘመን ዲዲቲ ብቅ አለና፣ ቅጠሉን የሚያስታውስ ሰው ለ70 ዓመት ያህል ጠፋ።

በ2013 በካሊፎርኒያና በኬንታኪ የሚገኙ ተመራማሪዎች ነገሩን እንደገና አነሡት። በኃይለኛ መነጽር ሲያዩ፣ ትኋኗ በቅጠሉ ላይ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደች የጠጕሩ ጫፍ በእግሯ ስስ ስፍራ ገብቶ ይበሳዋል፤ ለማምለጥ በታገለች ቍጥር ሌላው እግሯ በሌላው ጠጕር ይወጋል። ቅጠሉ ግን ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ ይጠወልጋልና በየቤቱ ሊሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ የቅጠሉን ገጽ በቅርጽ አውጥተው፣ ጠጕሩንም ሳይቀር በመጠኑና በቅርጹ መስለው ከሰው ሠራሽ ነገር ሠሩ። ትኋኗ በዚህ ሰው ሠራሽ ቅጠል ላይ ስትሄድ ጠጕሩ እግሯን ለጥቂት ጊዜ ያዝ ያደርገዋል፤ ነገር ግን እንደ እውነተኛው ቅጠል ወግቶ ሊያስቀራት ስላልቻለ ነጥቃው ትሄዳለች።